ስለ 194,313 ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ስለ አንድ ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ባሕረ ሐሳብም፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ስሌቱን፣ እወዳለሁ። ሁለቱ ከሚገናኙባቸው ቁጥሮች ሁሉ እንደ 194,313 የሚማርከኝ የለም። ጥያቄዎቹ ከሃይስኩል ተማሪዎች፣ ከዲያቆናት እና ልጆቻቸውን ከሚያስጠኑ ወላጆች የመጡ ናቸው። መልሶቹን በወረቀትና በእስክሪብቶ እየፈተሻችሁ ብታነቡ ደስ ይለኛል። ካልኩሌተር ካለ ጥሩ፣ ከሌለም አይቸግርም።

194,313 ምንድን ነው?

የአንድ ዐቢይ ቀመር ቀኖች ብዛት ነው። ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር 532 ዓመት ሲሞላ ዕለቱ፣ ወንጌላዊው፣ አበቅቴውና መጥቅዑ (ሁለቱ የጨረቃ ቆጠራ ቁጥሮች) ሁሉም አንድ ላይ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። በዓላትና አጽዋማትም በነበሩበት ቀንና ዕለት ይውላሉ። የ2018 ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ነው። በ1486ም ሚያዝያ 4 ነበር፤ በ2550ም ሚያዝያ 4 ይሆናል።

532 ከየት መጣ?

ከሦስት ቁጥሮች፦ 4፣ 7 እና 19። በየ4 ዓመቱ ወንጌላውያኑ ተራቸውን ይጨርሳሉ፤ ጳጉሜንም አንዴ 6 ትሆናለች። ሳምንት 7 ቀን ነው። በየ19 ዓመቱ ደግሞ የጨረቃ ቆጠራ ከፀሐይ ጋር ይገጥማል። አንድ ሰው በየ4 ቀኑ፣ ሌላው በየ7 ቀኑ ወደ ደብረ ብርሃን ገበያ ቢወጡ፣ አንድ ቀን ከተገናኙ በኋላ እንደገና የሚገናኙት በ28ኛው ቀን ነው። በየ19 ቀኑ የሚመጣ ሦስተኛ ሰው ከተጨመረ ሦስቱ የሚገናኙት በ532ኛው ቀን ይሆናል። ትንሹ የጋራ ብዜት የምንለው ይኸው ነው። 4፣ 7 እና 19 እርስ በርስ የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ዝም ብለን እናባዛቸዋለን።

በመሀል ያሉትም ስም አላቸው። 19 ዓመት ንዑስ ቀመር ነው። 28 ዓመት ዐውደ ፀሐይ ነው። 76 ዓመት፣ ማለትም 4 ጊዜ 19፣ ማዕከላዊ ቀመር ነው።

ትውፊቱ ባሕረ ሐሳብን ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጠዋል። የ532 ዓመቱን ዑደት በጽሑፍ ካዘጋጁት ቀደምት ሰዎች አንዱ ደግሞ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበረው የእስክንድርያው መነኩሴ አኒያኖስ ነው።

532ን በ365 ሳባዛ 194,180 ይመጣል። 133 ቀን ለምን ይበልጣል?

ጳጉሜን 6 ስለሆነች ነው። በ532 ዓመት ውስጥ 133 ጊዜ ዘመነ ሉቃስ ይመጣል፤ በያንዳንዱ አንድ ቀን ይጨመራል። 194,180 ሲደመር 133፣ 194,313። በሌላ መንገድ ማየትም ይቻላል። አራት ዓመት 1,461 ቀን ነው። 532 ዓመት ውስጥ 133 አራት ዓመቶች አሉ። 133 ጊዜ 1,461 ያው 194,313 ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የቁጥሩ አካፋዮች ሁሉ ከዚህ ማባዣ ውስጥ ተጠቅልለው ይገኛሉ።

ካልኩሌተር ሳልይዝ 133ን በ1,461 እንዴት ላባዛ?

በማጋመስና በማጠፍ። ይህ ዘዴ በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዣ» ተብሎ ይታወቃል። የጥንት ግብፃውያንም ከዚህ ጋር አንድ በሆነ ሐሳብ ያባዙ ነበር። በአንድ በኩል 133ን አጋምሱ፤ ግማሽ ከመጣ ጣሉት፦ 133፣ 66፣ 33፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። በሌላው በኩል 1,461ን እጠፉ፦ 1,461፣ 2,922፣ 5,844፣ 11,688፣ 23,376፣ 46,752፣ 93,504፣ 187,008። አሁን በግራ ኢተጋማሽ ቁጥር ያለባቸውን ረድፎች ብቻ ያዙ። እነሱም 133፣ 33 እና 1 ናቸው። ከአጠገባቸው ያሉት 1,461፣ 5,844 እና 187,008 ናቸው። ደምሩ። 194,313።

ለምን ይሠራል? 133 ማለት 128 ሲደመር 4 ሲደመር 1 ስለሆነ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ማባዣም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ማጠፍና መደመር የሚችል ልጅ የማባዣ ሠንጠረዥ ሳይሸመድድ ትልልቅ ቁጥር ማባዛት ይችላል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በየትኛውም ክፍል ይህን ሳሳይ የሚፈራው ልጅ ጭምር እጁን ያወጣል።

በግዕዝ ቁጥር እንዴት ይጻፋል?

፲፱፼፵፫፻፲፫። ከቀኝ ጀምራችሁ ሁለት ሁለት አሃዝ እየያዛችሁ ክፈሉት፦ 19፣ 43፣ 13። 13ቱ ብቻውን ይቆማል። 43ቱ በ፻ ይባዛል። 19ኙ በ፼ ይባዛል። አለቀ።

የግዕዝ አጻጻፍ አንድ ሰዎች የማያስተውሉት ጥቅም አለው። ጥንዶቹን ብትደምሩ ቁጥሩን ለ99 ስታካፍሉ የሚቀረውን ታገኛላችሁ። 19 ሲደመር 43 ሲደመር 13፣ 75። 194,313ን ለ99 አካፍሉ፤ 1,962 ደርሶ 75 ይቀራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፻ ከ99 በአንድ ብቻ ይበልጣል። ፼ ደግሞ ከ9,999 በአንድ ይበልጣል፤ 9,999 የ99 ብዜት ነው። ስለዚህ ጥንዶቹ ብቻ ይቀራሉ። 75 ለ3 ይካፈላል፣ ለ9 እና ለ11 አይካፈልም። ትልቁም ቁጥር እንደዚያው ነው። አንድ መስመር ድምር ሦስት ጥያቄ መለሰ።

ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ ሲተነተን ምን ይመጣል?

3 × 7 × 19 × 487። ብቸኛ ቁጥር ስል ሃይስኩል ላይ ፕራይም የምንለውን ነው፤ ከ1 እና ከራሱ ውጭ አካፋይ የሌለው። የ133 አካፋዮች 7 እና 19 ናቸው። የ1,461 ደግሞ 3 እና 487። 

ፈተና ላይ 194,313 ብቻ ቢሰጣችሁና ከየት እንደመጣ ባታውቁስ? መፈተኛ አለ። ለ7፦ የመጨረሻውን አሃዝ በ2 አባዝታችሁ ከቀሪው ላይ ቀንሱ። 19,431 ሲቀነስ 6፣ 19,425። 1,942 ሲቀነስ 10፣ 1,932። 193 ሲቀነስ 4፣ 189። 18 ሲቀነስ 18፣ ዜሮ። ለ7 ይካፈላል ማለት ነው። ለ19 ደግሞ በ2 አባዝታችሁ ደምሩ። 19,431 ሲደመር 6፣ 19,437። 1,943 ሲደመር 14፣ 1,957። 195 ሲደመር 14፣ 209። 20 ሲደመር 18፣ 38። 38 ሁለት ጊዜ 19 ነው።

487 ብቸኛ ስለመሆኑ ለማረጋገጥ እስከ 19 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ሞክሩ። ከዚያ በኋላ ያለው 23 በራሱ ሲባዛ 529 ነው፤ ከ487 ያልፋል። ስለዚህ ከ19 በላይ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው። ለ7 ሲካፈል 4 ይቀራል፣ ለ11 ሲካፈል 3፣ ለ13 ሲካፈል 6፣ ለ17 ሲካፈል 11፣ ለ19 ሲካፈል 12። አንዱም እኩል አያካፍለውም።

ስንት አካፋይ አለው? ትርጉም ያላቸውስ የትኞቹ ናቸው?

16። አራቱ ብቸኛ አካፋዮች እያንዳንዳቸው «መግባት» ወይም «አለመግባት» ስላላቸው 2 × 2 × 2 × 2 ነው። ከ16ቱ ውስጥ ብዙዎቹ ከቀን መቁጠሪያው ጋር ፊት ለፊት የተያያዙ ናቸው። 7 የሳምንት ቀን ነው። 133 የሉቃስ ዘመኖች ብዛት ነው። 1,461 የአራት ዓመት ቀን ነው። 10,227 የ28 ዓመት ቀን ነው። 27,759 የ76 ዓመት ቀን ነው።

በጣም የምወደው 27,759 ነው። ይህ ቁጥር የማዕከላዊ ቀመር ቀኖች ብዛት ነው ብለናል። 194,313ን ለ7 ብታካፍሉም የሚመጣው ያው 27,759 ነው። ማለትም በአንድ ዐቢይ ቀመር ውስጥ ያሉት ሳምንቶች በአንድ ማዕከላዊ ቀመር ውስጥ ካሉት ቀኖች ጋር በቁጥር እኩል ናቸው። አጋጣሚ አይደለም። 532 ማለት 7 ጊዜ 76 ስለሆነ ነው። ቀኑን ወደ ሳምንት ብትለውጡት ዐቢዩ ቀመር ወደ ማዕከላዊው ይወርዳል።

532 ለ28 ይካፈላል። ቀኖቹስ ለምን ለ28 አይካፈሉም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣውም ከዲያቆናት ነው። 194,313 ኢተጋማሽ ነው፤ በ3 ያልቃል። ለ2 የማይካፈል ቁጥር ለ28 ሊካፈል አይችልም። 28ቱ የዓመት ቁጥር እንጂ የቀን ቁጥር አይደለም። ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ስለሆነ፣ ሩቡን ሙሉ ለማድረግ 4ቱ ያልቃል፤ ለቀኖቹ ሳይደርስ ማለት ነው። 7ቱ ግን ሳይነካ ይቀራል። ዕለቱ የሚመለሰውም በሱ ነው።

28 ዓመት ለምን እንደሚያስፈልግ በዚሁ ይታያል። 1,461 ለ7 ሲካፈል 5 ይቀራል። በየአራት ዓመቱ ዕለት በ5 ይዘልላል። 5 እና 7 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ሰባት ጊዜ ካልዘለለ ወደ ቦታው አይመለስም። ሰባት ጊዜ አራት፣ 28። ለምሳሌ ዐፄ ምኒልክ እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ነው፤ ቅዳሜ ነበር። ስድስት ዐውደ ፀሐይ ቆጥራችሁ 2004 ላይ ድረሱ። ነሐሴ 12 ቀን 2004ም ቅዳሜ ነው።

487 የሚባለው እንግዳ ቁጥር ከየት መጣ? ባሕረ ሐሳብ ውስጥ ሰምቼው አላውቅም።

ልክ ነው፣ የለም። 7ንና 19ን ሊቃውንቱ አስበው ነው ያስገቧቸው። 487 ግን ማንም ሳይጠራው የገባ ነው። 1,461 ለ3 ሲካፈል የሚመጣው እሱ ስለሆነ ብቻ። ዓመቱ ልክ 365 ቀን ቢሆን ኖሮ 487 አይኖርም ነበር። አራት ዓመት 1,460 ይሆንና አካፋዮቹ 2፣ 5 እና 73 ይሆናሉ።

ነገር ግን 487 በራሱ ዝነኛ ቁጥር ነው። 1ን ለ7 ስታካፍሉ 142857 እየተደጋገመ ይሄዳል፤ 6 አሃዝ ነው። 1ን ለ19 ስታካፍሉ 052631578947368421 ይደጋገማል፤ 18 አሃዝ። በሁለቱም ድግግሞሹ ከቁጥሩ በአንድ ያንሳል። ከዚያ በላይ ሊረዝም አይችልም፤ ምክንያቱም ለ7 ስታካፍሉ ሊቀሩ የሚችሉት ከ1 እስከ 6 ብቻ ናቸው። አንዱ ቀሪ ሲደገም አሃዞቹም ይደገማሉ። 487ም እንደነዚህ ነው፤ ድግግሞሹ 486 አሃዝ ነው።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ብቸኛውን ቁጥር በራሱ አባዝታችሁ ብታካፍሉ ድግግሞሹ በዚያው ልክ ያድጋል። ለ49 ስታካፍሉ 6 የነበረው 42 ይሆናል። ለ361 ስታካፍሉ 18 የነበረው 342 ይሆናል። 487 ግን በራሱ ተባዝቶም 486 ላይ ይቆማል፤ አያድግም። እንዲህ ያለ ባሕርይ ያላቸው ብቸኛ ቁጥሮች እስካሁን የታወቁት ሦስት ብቻ ናቸው፦ 3፣ 487 እና 56,598,313። 3ን ራሳችሁ ሞክሩት፤ 1 ለ3 እና 1 ለ9 ሁለቱም አንዲት አሃዝ ነው የሚደጋግሙት።

ከሦስቱ ሁለቱ የ194,313 አካፋዮች ናቸው። ይህን ለተማሪ ስናገር ሁልጊዜ ቆም እላለሁ።

1ን ለ194,313 ባካፍልስ?

ከነጥቡ በኋላ ወዲያው መደጋገም ይጀምራል፤ ቁጥሩ 2 እና 5 የሚባሉ አካፋዮች የሉትምና። የድግግሞሹ ርዝመት የአራቱ ርዝመቶች ትንሹ የጋራ ብዜት ነው። ርዝመቶቹ 1፣ 6፣ 18 እና 486 ናቸው። 486 ሦስቱንም ስለሚያካትት መልሱ 486 ነው። ወደ ሁለት መቶ ሺህ ለሚጠጋ ቁጥር ይህ በጣም አጭር ነው።

አራቱ ብቸኛ አካፋዮች መካከል ዝምድና አለ ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ የሚያምርም ነው። ከያንዳንዳቸው 1 ቀንሱ። 2፣ 6፣ 18፣ 486 ይመጣል። ለ2 አካፍሉ። 1፣ 3፣ 9፣ 243። ሁሉም 3 በራሱ ሲባዛ የሚመጡ ናቸው። 1 ማለት ገና ያልተባዛበት ነው፤ 243 ደግሞ 3 አምስት ጊዜ የተባዛበት። በመሀል 27 እና 81 ተዘልለዋል። 27ን በ2 አባዝታችሁ 1 ስትጨምሩ 55 ይመጣል፤ 55 ብቸኛ አይደለም። 81ን ብታደርጉት ግን 163 ይመጣል፤ እሱ ብቸኛ ነው፤ ቁጥራችን ውስጥ ግን የለም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወለዳል። የመጀመሪያው ይኸውና። ከ194,313 በታች ሆነው ከ1 በስተቀር ከሱ ጋር ምንም የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች ስንት ናቸው? አሠራሩ ከአራቱ አካፋዮች አንድ አንድ ቀንሶ ማባዛት ነው። 2 × 6 × 18 × 486 ማለት 104,976። ይህ ደግሞ 18 × 18 × 18 × 18 ነው። የ18 አራተኛ ርቢ። የተባዙት አራት ቁጥሮች ሁሉ ከ2 እና ከ3 የተሠሩ ስለሆኑ እንዲህ እኩል ሊደረደር ቻለ።

ሁለተኛው። አራቱም አካፋዮች ለ4 ሲካፈሉ 3 ይቀራቸዋል። ስለዚህ 194,313ን የሁለት ቁጥሮች ስኩዌር ድምር አድርጎ መጻፍ አይቻልም። ደንቡ እንዲህ ይላል፤ ለ4 ሲካፈል 3 የሚቀረው ብቸኛ አካፋይ ያለ ጓደኛ፣ ጎዶሎ ጊዜ ከገባ የሁለት ስኩዌር ድምር አይገኝም። እዚህ አራቱም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገቡት። ቁጥሩ ራሱ ለ4 ሲካፈል 1 ስለሚቀረው ግን ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው የሚቻል ይመስላል። የሦስት ስኩዌር ድምር ሆኖ ግን ይጻፋል።

የሁለት ስኩዌር ልዩነትስ?

ይሆናል፤ በስምንት መንገድ። አካፋዮቹ ስምንት ጥንድ ስለሆኑ ነው። በጣም የሚቀራረበው ጥንድ 399 እና 487 ነው። የሁለቱ መካከለኛ 443 ነው፤ እያንዳንዱ ከመካከለኛው በ44 ይርቃል። ስለዚህ 443 በ443 ሲቀነስ 44 በ44፣ 194,313። ይህ በፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ስም የሚጠራውን የመተንተኛ ዘዴ ለማሳየት የተመቸ ነው። የ194,313 ስኩዌር ሩት ከ440 በጥቂት ይበልጣል። ከ441 ጀምሩ። የሱ ስኩዌር 194,481 ነው፤ ትርፉ 168 ስኩዌር አይደለም። 442፦ ትርፉ 1,051፣ አይደለም። 443፦ ትርፉ 1,936፣ እሱም የ44 ስኩዌር ነው። በሦስተኛው ሙከራ ቁጥሩ ተፈታ።

የአካፋዮቹ ድምርስ? ፍጹም ቁጥር ነው?

አይደለም። ፍጹም የሚባለው ከራሱ በስተቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ቁጥር ነው። የ194,313 ግን ሲደመሩ 118,007 ናቸው። ከራሱ ያንሳል።

ይህ ሁሉ መግጠም ምሥጢር አለው? ሊቃውንቱ ያውቁት ነበር?

ይህን በተለያየ አነጋገር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ስለዚህ በግልጽ ልመልስ። የቁጥሩ ባሕርያት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ በሥራ የመጣ ነው። ለ7 መካፈሉ፣ ለ19 መካፈሉ፣ የሳምንቶቹ ብዛት ከ76 ዓመት ቀኖች ጋር እኩል መሆኑ። ይህ የሊቃውንት አእምሮ ሥራ ነው፤ ምስጋናውም ለነሱ ነው። ሌላው አጋጣሚ ነው። የ487 ዝና፣ የ18 አራተኛ ርቢ፣ አካፋዮቹ ከ3 ርቢዎች ጋር ያላቸው ዝምድና። ዓመት 365 ቀን ከሩብ ተብሎ መቆጠሩ ያመጣው ነው። እሱን ቀይሩት፣ ሁሉም ይጠፋል።

አጋጣሚ መሆኑ ውበቱን አይቀንሰውም። ነገር ግን አጋጣሚውን ትንቢት አድርጎ ማውራት ሁለቱንም ይበድላል። ሒሳቡን ይበድላል፤ ምክንያቱም ማስረጃ ሳይኖር ምክንያት ይፈጥራል። ባሕረ ሐሳብንም ይበድላል፤ ምክንያቱም የሊቃውንቱን እውነተኛ ድካም በተረት ይሸፍነዋል። 4ን፣ 7ን እና 19ን አንድ ላይ አስማምቶ ለ532 ዓመት የሚያገለግል ሥርዓት መዘርጋት፣ ያንንም የአብነት ተማሪ በቃሉ ይዞ በጣቱ እንዲያሰላው ማድረግ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም።

ጨረቃዋ በእርግጥ ከ194,313 ቀን በኋላ ቦታዋ ትመለሳለች?

በቆጠራው አዎ፣ በሰማይ ላይ በጥቂቱ ትቀድማለች። በ19 ዓመት 235 የጨረቃ ወር ይቆጠራል። በ532 ዓመት 6,580 ይሆናል። አንድ የጨረቃ ወር በአማካይ 29.530589 ቀን ነው። ስታባዙት ወደ 194,311.3 ይመጣል። ከ194,313 ጋር ያለው ልዩነት 1.7 ቀን ገደማ ነው። በ532 ዓመት ውስጥ ከሁለት ቀን በታች መሳሳት፣ በዓይንና በጣት ብቻ ለተጀመረ ሥራ በጣም ጥቂት ነው። ፀሐይ ትንሽ ይበልጥ ትርቃለች፤ 532 የፀሐይ ዓመት 194,308.85 ቀን አካባቢ ስለሆነ ልዩነቱ ከአራት ቀን በጥቂት ይበልጣል።

አሁን በስንተኛው ዐቢይ ቀመር ላይ ነን?

በዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከዓለም መፈጠር ጀምሮ በሚቆጠረው፣ 2018 ማለት 5,500 ሲደመር 2,018፣ 7,518 ነው። ለ532 ስታካፍሉ 14 ደርሶ 70 ይቀራል። ስለዚህ 14ቱ አልቀዋል፤ በ15ኛው ዐቢይ ቀመር 70ኛ ዓመት ላይ ነን። 15ኛው የሚያልቀው በ7,980 ዓመተ ዓለም፣ ማለትም በ2480 ዓ.ም. ነው። 7,980 የሚለውን ቁጥር የሥነ ፈለክ ሰዎችም ያውቁታል። ጆሴፍ ስካሊገር በ1583 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 28፣ 19 እና 15ን አባዝቶ ያወጣው የዘመን መለኪያ ርዝመቱ ይኸው ነው፤ መነሻው ግን ሌላ ነው።

የኛ ከተማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት በ1440ዎቹ ነው። 532 ጨምሩበት፤ በደርግ ዘመን ላይ ይወድቃል። ደብረ ብርሃን አንድ ዐቢይ ቀመር ሙሉ ኖራ ሁለተኛውን ጀምራለች። 

የፈረንጆቹ ፋሲካስ በየስንት ቀኑ ይደጋገማል?

የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በየ400 ዓመቱ ሦስት ቀን ስለሚጥልና የጨረቃ ማስተካከያም ስላለው ዑደቱ በጣም ረዥም ነው። 5,700,000 ዓመት፤ በቀን 2,081,882,250። እሱም ለ7 ይካፈላል፤ ካልተካፈለ እሑድ እሑድ ላይ አይመለስማ። ወደ ፀሐይ በይበልጥ ይጠጋል፣ ግን ማንም ሰው በቃሉ አይዘውም።

ኮምፒውተር ባለበት ዘመን 194,313 «ትልቅ ቁጥር» ይባላል?

ለማሽን አይባልም። በባለ ሁለት አሃዝ አቆጣጠር 18 አሃዝ ብቻ ነው፤ ስልካችሁ ከዓይን ጥቅሻ በፊት ይተነትነዋል። ኢንተርኔት ላይ ምሥጢር ለመጠበቅ የሚያገለግሉት ቁጥሮች 617 አሃዝ ያህል ናቸው፤ የሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ሆነው መልሶ መተንተኑ ስለሚከብድ ነው የሚያገለግሉት። በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተገኘው ግዙፍ ብቸኛ ቁጥር ደግሞ 41,024,320 አሃዝ አለው።

እኔ ግን ለተማሪ ትልቅ የምለው በእጁ ሊደርስበት የሚችለውን፣ ግን በአንድ እይታ የማያልቅለትን ነው። 194,313 ልክ እዚያ ላይ ነው።

ልጄን በዚህ ቁጥር ምን ላለማምደው?

ለአምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ልጅ ማጠፍና ማጋመሱ ይበቃል፤ 19ን በ1,461 ያባዛና 27,759 መድረሱን ይይ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ከሆነ 16ቱን አካፋዮች በጥንድ በጥንድ ይጻፍ፤ 1 ከ194,313፣ 3 ከ64,771፣ 7 ከ27,759፣ 19 ከ10,227፣ 21 ከ9,253፣ 57 ከ3,409፣ 133 ከ1,461፣ 399 ከ487። ሲጨርስ የትኞቹ ከቀን መቁጠሪያ ጋር እንደሚያያዙ ይንገርዎት።

ሃይስኩል ከደረሰ ስምንቱንም የስኩዌር ልዩነቶች ያውጣ። አንዱ 443 እና 44 ነው። ከ133 እና ከ1,461 የሚመጣው ደግሞ 797 እና 664 ነው። የቀሩትን ስድስት ለሱ ይተዉለት።